አንገቱ የተቀበረ ዛፍ

አባቴ ግንቡን ከመሥራቱ በፊት ጓሯችን እንዲህ ነበር። ከኩሽናው መስኮት እስከ አጥሩ ስምንት ሜትር ያህል አለ። በግራ በኩል ከአሮጌ ሥራዎች የተረፈ የአሸዋ ክምር፣ ጠርዛቸው የተሸራረፈ ብሎኬቶችና የውሃ በርሜል ነበሩ፤ በቀኝ በኩል ደግሞ ዛፉ።

ዛፉ ዶግውድ ነው። ከተተከለ አራተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ቁመቱ የእናቴን ትከሻ በትንሹ ያልፋል። ቅርንጫፎቹ እንደ መደርደሪያ ወደ ጎን ይዘረጋሉ እንጂ ወደ ላይ አይቸኩሉም። ጠዋት ፀሐይ ያገኛል፤ ከቀትር በኋላ የጎረቤታችን ትልቅ ዛፍ ያጠላለታል፤ የሚስማማውም ይኸው ነው። እናቴ ከሥሩ የደረቀ ቅጠል አንጥፋለታለች፤ ግን ቅጠሉ ግንዱን አይነካም፣ አንድ ጋት ያህል ራቅ ብሎ ነው የሚጀምረው። ግንዱ መሬት ጋ ሲደርስ ሰፋ ብሎ ወደ ሥር ይለወጣል። ቅጠሉ ጤናማ አረንጓዴ ነው። አበባ ግን አንድም ቀን አውጥቶ አያውቅም።

እናቴ መጋረጃ ሰፊ ናት። ይህን ዛፍ መጀመሪያ ያየችው መጋረጃ ልትሰቅል በሄደችበት ቤት መስኮት ነው። ገና ቅጠል ሳያወጣ መላ አካሉ ነጭ ለብሶ ነበር። ነጩ ነገር አበባ መስሎ የሚታይ ቅጠል ነው፤ አራት አራት ሆኖ ይዘረጋል፤ እውነተኛው አበባ መሐል ላይ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ የተሰበሰበው ትንሽ አረንጓዴ ነገር ነው። እማዬ ግን ያኔ ይህን አታውቅም። እቤት ገብታ ስለ ባለቤቶቹም ስለ መጋረጃውም አንድ ቃል ሳትናገር ስለ ዛፉ ብቻ ስታወራ ሰነበተች። በኋላ ችግኙን ይዛ ስትመጣ አባቴ ስሙን ጠየቃት።

«ዶግውድ» አለችው።

«ስሙ ራሱ ውድ ይላል» አለ፤ «ዋጋውን ባትነግሪኝ ይሻላል።»

ችግኝ ሻጩ አንድ ነገር አስጠንቅቋት ነበር። ግንዱ ሰፍቶ ወደ ሥር የሚለወጥበትን ቦታ በጣቱ እያሳየ «ይህ አንገቱ ነው፤ አንገቱን አትቅበሪ» ብሏታል። እሷም አልቀበረችም። በየፀደዩ ኩሽናው ውስጥ ካለው መስፊያ መኪናዋ ላይ ሆና በመስኮት ታየዋለች፤ ቅጠል ብቻ ያወጣል። እኛ ስንስቅ «ይናገራል» ትለን ነበር፤ «ዘግይቶ አፉን የፈታ ልጅ አይታችሁ አታውቁም?»

አባቴ ግንበኛ ነው። ሰፈሩ ጋሽ ቱንቢ ይለዋል። ቱንቢ የግድግዳ ቀጥ ማለት የሚለካበት፣ በገመድ የሚንጠለጠል ክብደት ነው፤ ስሙ የወጣለት፣ ሰው ቤት በእንግድነት ገብቶ እንኳ መጀመሪያ ግድግዳውን በአንድ ዓይኑ አጮልቆ ሳያይ ስለማይቀመጥ ነው። ዛፉ አራተኛ ዓመቱን በያዘበት ዓመት ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ የሻይ ብርጭቆ፣ ቀጥሎ የግንበኛ ማንኪያው። ሐኪሙ የሚያቆመው መድኃኒት እንደሌለ፣ ግን የሚያዘገየው እንዳለ ነገረው። አባባ ማንም ሳያሰናብተው ራሱ ሥራውን ተወ። ከዚያ በኋላ ጓሮው ውስጥ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ መዋል ልማዱ ሆነ። ተቀምጦ የሚያየው ደግሞ ዛፉን ነው።

«ይሄ ዛፍ እኮ ኮሌታ የሌለው ሸሚዝ ነው» አለኝ አንድ ቀን። «ዙሪያ ያስፈልገዋል።»

አክስቴ ወድቃ ዳሌዋን ስትሰበር እናቴ ልታስታምማት ሄደች። አባባ የጠበቀው ይህን ነበር። ከአሮጌ ሥራ የተረፈ ጥርብ ድንጋይ ነበረው። ቀኝ እጁን በግራው እየደገፈ፣ አንዱን ድንጋይ ሁለቴ ሦስቴ እያነሳና እየመለሰ፣ ዛፉን ዙሪያውን ገነባበት። እኔ የምኖረው ሌላ ሰፈር ነው፤ ከሳምንታት በኋላ አንድ ቅዳሜ ልጠይቀው ስመጣ ጨርሶታል።

ሥራው እንከን አልነበረውም። ከፍታው እስከ ጉልበት፣ ክቡ ልክ በገመድ የተሳለ። በድንጋይና በድንጋይ መካከል ያለው መጋጠሚያ በየትኛውም ቦታ አንድ ጣት ነው፤ የትም አይሰፋም፣ የትም አይጠብም። ላዩን በኖራ ቀብቶታል። ውስጡን ደግሞ እስከ አፉ ድረስ ጥቁር አፈር ሞልቶበታል፤ ባዶ ግንብ ለአባባ ያላለቀ ሥራ ነው። ከዚያም ጠዋትና ማታ ውሃ ያጠጣው ጀመር። ዛፉን አይደለም፤ ግንቡን ነው። አዲስ ግንብ ውሃ ካልጠጣ ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፤ ይህን የማያውቅ ግንበኛ የለም። ግንቡ የጠጣው ውሃ ሁሉ ወርዶ የሚጠራቀመው ግን ዛፉ ሥር ነበር።

እማዬ ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ዙሪያውን ዞረችው። አባባ የሚንቀጠቀጠውን እጁን ኪሱ ከቶ ከኋላዋ ቆሟል።

«እህስ፣ እሜቴ?» አላት።

«ለሰው ስትሠራ ኖረህ ዛሬ ለኔም ቤት ግንበኛ ደረሰኝ?»

«ወረፋ በዝቶ ነው።»

ሳቀች። የስፌት መስመር እንደምትፈትሽበት አድርጋ መጋጠሚያውን በጣቷ ሄደችበት። «እጅህ ይባረክ» አለችው። ከዚያ ዓይኗ ግንዱ ላይ አረፈ። ግንዱ እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ብሎ አፈሩ ውስጥ ይገባ ነበር፤ አንገቱ የለም። ቦርሳዋን ይዛ ገባች።

ሙቀቱ ሲመጣ ቅጠሉ መለወጥ ጀመረ። መጀመሪያ በቅጠሉ ጅማቶች መካከል ያለው ቢጫ ሆነ፤ ጅማቶቹ ብቻ አረንጓዴ ሆነው ቀሩ። ቀጥሎ ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ተጠቀለለ። መጀመሪያ የተናገረችው ጎረቤታችን ናት፤ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ከሁሉም ቀድማ ስለምትሰማ እትዬ ዜና የምንላት።

«ጋሽ ቱንቢ» አለችው በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ፣ «ዛፉን የወፍ በሽታ ይዞታል እንዴ? ዓይኑ ሁሉ ቢጫ ሆነ እኮ!»

«ውሃ አንሶት ነው።»

«ውሃ? ያንተ ጓሮ ከሚጠጣው ተርፎ እኮ ነው እኛ ፊታችንን የምንታጠበው!»

አባባ ከዚያ ቀን ጀምሮ እኩለ ቀን ላይም ያጠጣ ጀመር።

እኔ የምሠራው የከተማው ውሃ የሚመረመርበት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀለሙን የሚለውጥ የመመርመሪያ ወረቀት ይዤ መጣሁ። አባባ መድኃኒቱን ውጦ ሲተኛ ግንቡ ውስጥ በሾርባ ማንኪያ ቆፈርኩ። አንድ ስንዝር ሳልወርድ ውሃ ብቅ አለ፤ የተደፈነ ቱቦ ይሸታል። ከግንቡ አጠገብ የወሰድኩትን አፈር በተጣራ ውሃ በጥብጬ ወረቀቱን ስነክርበት ሰማያዊ ሆነ። ሲሚንቶውና ኖራው ወደ አፈሩ ወርደዋል ማለት ነው። ዶግውድ የሚፈልገው ደግሞ ተቃራኒውን፣ በትንሹ ወደ ኮምጣጣነት ያደላ አፈር ነው። አፈሩን ከግንዱ ላይ ገለጥ ሳደርገው ቅርፊቱ ጠቁሯል፤ በጥፍሬ ብነካው ይገባል።

ጉድጓዱን መልሼ ሞላሁና ኩሽና ገባሁ። እማዬ መስፊያ መኪናዋ ላይ ናት።

«እማዬ፣ ዛፉ እየሞተ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጣሁበት ቀን።» መርፌው ሥር ያለውን ጨርቅ አስተካከለች። «አንገቱ ተቀብሯል። አንድ የተነገረኝ ነገር እሱ ነበር።»

«ታዲያ ምን ዝም አሰኘሽ?»

መኪናዋን አቆመች። «እጁን አይተሽዋል? አይተሽዋል። ያን ግንብ እንዴት እንደሠራው እትዬ ዜና በአጥሩ ስታይ ከርማ ነግራኛለች፤ አንዱን ድንጋይ ለማስቀመጥ ግማሽ ቀን። ከእንግዲህ ሌላ አይሠራም፤ የመጨረሻው ይህ ነው። እሱን አፍርስ ልበለው? ዛፍ ከችግኝ ጣቢያ ይመጣል። እጅ የሚሸጥበት ቤት ካለ ንገሪኝ።»

«አራት ዓመት የጠበቅሽው እኮ ነው።»

«አንቺንም ሰባት ዓመት ነው የጠበቅኩሽ፤ አልሞትኩም። ደግሞ ብትነግሪው እኔና አንቺ እንለያያለን። ማሪያም ትስማ!»

ወደ ውጪ አላየችም። መስኮቱ ፊት ለፊቷ ነበር፤ እሷ ግን ከዚያን ሰሞን ጀምሮ ወንበሯን በትንሹ ወደ ግድግዳው አዙራ መቀመጥ ጀምራለች።

ቃል ገባሁላት። ቃሌንም ጠበቅሁ፤ ግን አልጠቀመም። በማግስቱ አባባ ባልዲው ላይ ተቀምጦ ጠራኝ።

«ዛፉ ምን ሆኖ ነው?»

«እማዬን ጠይቃት።»

«ጠየቅኳት። ‹ደህና ነው› አለችኝ። ይህቺ ሴት መጋረጃዋ ላይ አንድ ክር ብትወጣ እንቅልፍ የማይወስዳት፣ ዛፏ ቢጫ ሆኖ ደህና ነው ትለኛለች።» አገጩን አሻሸ። «አንቺም እናትሽን ጠይቅ ትይኛለሽ። ጥፋቱ የሌላ ሰው ቢሆን ሁለታችሁም ስሙን ጠርታችሁ ትራገሙት ነበር። ከኔ የሚደበቅ ከሆነ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ወደ ግንቡ ዞር አልኩ።

«ድንጋዩ ነው ወይስ አፈሩ?»

«አባባ...»

«ድንጋዩ ነው ወይስ አፈሩ?»

«ሲሚንቶውና አፈሩ» አልኩት። «ውሃውም።»

ትንሽ አሰበና ሳቀ፤ ደስታ የሌለበት ሳቅ ነበር። «ሦስቱንም አሟልቻለኋ! ግማሽ ሥራ አላውቅም መቼም።» ተነስቶ መሮና መዶሻ ፍለጋ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደ።

እማዬ የብረቱን ድምፅ ሰምታ መቀሷን እንደያዘች ወጣች። ግንቡና አባባ መካከል ቆመች።

«እኔ ቆሜ አይፈርስም!»

«ዛፍሽ እየሞተ ነው፣ ሴትዮ!»

«ይሙት! ሌላ እተክላለሁ።»

«አራት ዓመት ስትለማመጪው የኖርሽውን?»

«አንተ የሌላውን ሰው ግድግዳ ጠማማ ነው ብለህ ስታፈርስ፣ በማግስቱ ቀጥ ያለውን ልትሠራ ነው። ይሄን አፍርሰህ ምን ልትሠራ ነው?»

አባባ ቀኝ እጁን በግራው ያዘ። መሮው እጁ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ምንም» አላት። «ምንም አልሠራም። ግን ሰው መጥቶ ይሄን ዛፍ ምን ገደለው ሲለኝ፣ ይኸው ገዳዩ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ እኔ ነኝ የሠራሁት ልበለው?»

«እኔ ምን አገባኝ» አለች እትዬ ዜና ከአጥሩ በላይ፤ «ግን ባልና ሚስት ሲጣላ የማውቀው ሁሉም የራሱን ላለማስነካት ነው። እናንተ ምን ዓይነቶች ናችሁ?»

«አንቺ ደግሞ ግቢ ወዲያ!» አሏት ሁለቱም ባንድ አፍ።

እማዬ መንገዱን ለቀቀችለት። አባባ ተንበርክኮ መሮውን መጋጠሚያው ላይ አስቀመጠና መታ። የመጀመሪያው ምት ድንጋዩን ሸረፈው። ሁለተኛው የመሮውን ራስ ስቶ የገዛ አውራ ጣቱን አገኘ። ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ተቀመጠ።

እማዬ መቀሷን ወገቧ ላይ ሻጥ አድርጋ አጠገቡ ተንበረከከች። «ወዲህ በል» አለችው።

«አትችይም።»

«ምኑ ነው የሚያቅተኝ? ስፌት መተርተር ነው።»

እሱ ባልዲው ላይ ተቀመጠ፤ እሷ ትመታለች። የጎረቤት ጎረምሳ ቢጠራ በትልቅ መዶሻ በአንድ ከሰዓት ያፈርሰው ነበር። እማዬ ግን ድንጋዮቹ እንዲሰበሩ አልፈለገችም፤ አባባም ይህን ሲሰማ ምንም አልተከራከረም። ከላይ ጀምራ፣ መጋጠሚያውን በመሮ እየተከተለች፣ አንድ አንዱን ታላቅቀዋለች።

«ድንጋዩን አትንኪ! ከመጋጠሚያው!»

«ከመጋጠሚያው ነው እኮ! አልለቅ አለኝ!»

«ማን ሠራውና!» አለ አባባ፤ ፊቱ በራ።

እንዲህ እየተጨቃጨቁ ብዙ ቀን ፈጀባቸው። አንዱ ድንጋይ ሲለቅ እሱ እየተቀበለ በሽቦ ብሩሽ ሲሚንቶውን ይፈገፍጋል፤ ንጹሑን ከአጥሩ ሥር ይደረድራል። ግንቡ ሲያልቅ አፈሩን ማንሳት የኔ ድርሻ ሆነ። አካፋ ሥሩን ስለሚቆርጥ በእጄና በቀለም ብሩሽ ነበር የሠራሁት። ዶግውድ ሥሩን ወደ ጥልቅ አይሰድም፤ ከመሬቱ ቆዳ በታች ነው የሚዘረጋው። ከታች አየር ያጣ ስለነበር አዲሱ አፈር ውስጥ ፀጉር የመሰሉ ቀጫጭን ሥሮች ልኮ ነበር፤ ግንዱን ዞረው እንዳያንቁት እነሱን ቆረጥኳቸው። በመጨረሻ አንገቱ ወጣ። በአንዱ ጎኑ የመዳፍ ያህል ቅርፊት ሞቷል፤ ሌላው ጠቁሯል እንጂ ድፍን ነው። ምንም ሳልቀባው እንዲደርቅ ክፍት ተውኩት። በኖራ የተበላሸውን የላይኛውን አፈር አስወጥተን የበሰበሰ ቅጠል አለበስነው፤ ግንዱን ሳናስነካ።

«አሁንስ ውሃ?» አለ አባባ።

«እኔ አፈሩን ነክቼ ደርቋል እስክልህ አይሰጠውም።»

«ሥራ አስፈታሽኝ በይኛ» አለና ባልዲውን ገልብጦ ተቀመጠበት።

በሚቀጥለው ፀደይ ዛፉ አላበበም። ቅርፊቱ በሞተበት በኩል ያሉት ሁለቱ የታች ቅርንጫፎች ቅጠልም አላወጡ፤ በመጋዝ ቆረጥኳቸው። እማዬ ስቆርጥ ቆማ አየች፤ አላለቀሰችም። ቀሪው አካሉ ቅጠል አወጣ፣ ቅጠሉም አረንጓዴ ነበር። ወንበሯን መቼ ወደ መስኮቱ እንደመለሰች አላየሁም፤ አንድ ቀን ስመጣ ግን ተመልሷል።

ሣሩ ሲያድግ ችግር ተፈጠረ። የዚህ ዛፍ ቅርፊት ስስ ነው፤ የሣር ማጨጃ አንድ ጊዜ ቢነካው ይላጣል፣ በተላጠበት ደግሞ ትል ይገባል። ይህን ለእማዬ ስነግራት አባባ ሰማ።

«ድንጋይ ብደረድርለት፣ ምን ያህል ራቅ ቢል ነው የሚተርፈው?» አለ።

«ከቅርንጫፎቹ ጫፍ ውጪ። ግን መሠረት የለም፣ ሲሚንቶ የለም፣ አፈር መሙላት የለም።»

«ገባኝ። ልጅ አይደለሁም።»

ከአጥሩ ሥር ያሉትን ድንጋዮች ማመላለስ ጀመረ። አንድ ነገር ያየሁት ያኔ ነው፤ በሁለት እጁ ከባድ ነገር ሲይዝ መንቀጥቀጡ ይቀንሳል። ብርጭቆ ይደፋል፣ ድንጋይ ግን አይጥልም። ድንጋዮቹን መሬት ላይ ብቻ አስተኛቸው፤ አንድ ረድፍ። ከዚያ በአንድ ዓይኑ አጮልቆ እያየ ከየአቅጣጫው ሲያስተካክል ዋለ።

«ጋሽ ቱንቢ» አለች እትዬ ዜና፣ «ይሄ ግንብ ወድቋል እንዴ?»

«ግንብ አይደለም። የተኛ ድንጋይ ነው። ዛፉ ባደገ ቁጥር ተነስቶ ወደ ውጪ ይሰፋል።»

«በየዓመቱ?»

«በየዓመቱ።»

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ለልጅ ልብስ ጨርቅ አጥፎ እንደመተው ነው» አለች። «ስታድግ ትለቅላታለህ።» አባባ አንዱን ድንጋይ ጣት በማታህል ነገር ወደ ግራ ገፋው።

በመጸው ቅጠሉ ቀልቶ ሲረግፍ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ ተመለከትኩ። የቅጠል እምቡጥ ሹል ነው፣ ከቅርንጫፉ ጋር ይጣበቃል። የአበባው ግን ክብ ነው፣ በትንሽ አንገት ላይ እንደ ቁልፍ ይቀመጣል፤ ብርዱንም የሚያሳልፈው እንደዚያው ሆኖ ነው። በብርዱ ወራት መቀስ ያነሳበት ሰው የሚቆርጠው የፀደዩን አበባ ነው። ስለዚህ እማዬ መቀሶቿን ሁሉ ከአባባ ደበቀች፤ አባባ ደግሞ መጋዙን ከኔ ደበቀ።

ክብ የሆኑት አሥራ አንድ ነበሩ። ሁለቱን ውርጭ መታቸው፤ ዘጠኙ አበቡ።